እልል በሉ፤ ጽሑፉ በኋላ ይመጣል

ሰንጋ ተራን ስሙን ያወጣለት ገበያው ነው። ዛሬ የባንክና የኢንሹራንስ ፎቅ በተኮለኮለበት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ሕንፃ በቆመበት በዚህ ሰፈር፣ ድሮ ሰንጋ ለገበያ ይቀርብበት እንደነበር ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ሰንጋ ደግሞ እንደማንኛውም በሬ አይደለም። የእርሻው በሬ ቢያንስ ቀንበሩ ሲከብደው አሻፈረኝ ብሎ ይተኛል፤ ገበሬውም የሆነውን ነገር ጎንበስ ብሎ ለማየት ይገደዳል። ሰንጋ ግን ተኮላሽቶ ለስብ ብቻ የሚኖር ፍጥረት ነው። ይቀለባል፣ ይታሻል፣ ሽንጡ እየተዳሰሰ ይሞገሳል። ገበያ የሚወጣበትን ቀን የሚነግረው የለም።

በአገራችን በጦርና በጎረቤት አገር ጉዳይ የሕዝብ አስተያየት የሚባለው ነገር የሚያዘው ልክ እንደዚሁ ነው። በወሬ ይቀለባል፣ በዘፈን ይደልባል፣ ቀኑ ሲደርስ ወደ አደባባይ ይነዳል። ምን እንደተፈረመ፣ ምን ሰጥተን ምን እንደተቀበልን የሚገልጸው ጽሑፍ ግን አይታይም። እልልታው መጀመሪያ፣ ጽሑፉ በኋላ። አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። እንግዲህ እኔ የምለው ይኼ ነው፦ በዚህ አያያዝ የሚጎዳው ዴሞክራሲ የሚባለው ትልቅ ቃል ብቻ አይደለም። አገሪቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትደራደር እጇ ላይ የሚኖራት ጉልበት ራሱ ይሟሽሻል። በመጨረሻም ሒሳቡ የሚወራረደው በሰው ነፍስ ነው።

ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከባድመ እንጀምር።

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። ሁለት ዓመት በፈጀው ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ይኼ ስምምነት ምሥጢር አልነበረም፤ ማንበብ የፈለገ ሊያነበው ይችል ነበር። አንቀጽ 4 ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል። አንደኛ፣ ድንበሩ የሚወሰነው እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና አግባብ ባለው ዓለም አቀፍ ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ የድንበር ኮሚሽኑ ሕጉን ወደ ጎን ትቶ “እንዲህ ቢሆን ይሻላል” ብሎ በርትዕ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ሦስተኛ፣ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህችን አንቀጽ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው “ባድመን ስናስተዳድር የኖርነው እኛ ነን” የሚለው ክርክር ብቻውን እንደማያድነን ይገባው ነበር። ግን ማን አነበበ?

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ከሄግ ውሳኔው ወጣ። በዚያው ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ሥዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች በይፋ ነገሩን። አዲስ አበባ ጨፈረች። ውሳኔው እኮ ባድመ የት እንደምትወድቅ በስም አልጻፈም ነበር፤ የመስመሩን ነጥቦች በቁጥር ነበር የዘረዘረው። ነጥቦቹ ካርታ ላይ ሲያርፉ ግን ከተማይቱ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ተገኘች። በ1995 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ራሱ ይኼንኑ ግልጽ አደረገ። በመስከረም 1996 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ ውሳኔውን ሕገ ወጥና ፍትሕ የጎደለው ሲሉ አወገዙት። በጨፈርንበት ውሳኔ ላይ ማለት ነው! የጨፈረው ሕዝብ ይቅርታ የጠየቀው አላገኘም። በምን እንደተታለለ ያስረዳውም የለም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን ለተማሪዎቼ የማስቀድመው ሕግ አንድ ነበር፦ ስለ ጽሑፉ ከመናገርህ በፊት ጽሑፉን አንብብ። ልብ ወለድ ሳያነብ ሒስ የጻፈ ተማሪ ቢበዛ ዜሮ ያገኛል። የድንበር ውል ሳያነብ የሚጨፍር ሕዝብ ግን የሚያገኘው ዜሮ አይደለም፤ ምሽግ ነው። ከ1994 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ 16 ዓመት ሙሉ “ሰላምም ጦርነትም የለም” በሚባል ነገር ውስጥ ሁለት ሠራዊት ተፋጦ ኖረ። ድንበር ላይ ያሉ ከተሞች እንደፈራረሱ ቆዩ። ማዶ ለማዶ ያሉ ዘመዳሞች ሳይተያዩ አረጁ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ያንኑ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ መቀበሉን አስታወቀ። የተለወጠ መስመር፣ የተለወጠ ነጥብ አልነበረም። ያው የ1994ቱ ወረቀት ነው።

በነገራችን ላይ የጦርነቱን ኪሳራ እንዲያሰላ የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 የመጨረሻ ሒሳቡን ዘግቷል። ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ደግሞ ወደ 163 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ይገባቸዋል አለ። ተቀናንሶ የሚተርፈው ልዩነት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በወረቀት ላይ ተተምኖ ሲያልቅ የቀረችው ይህች ናት። ሰንጋ ተራ ካሉት ፎቆች አንዱን እንኳ የምትሠራ አይመስለኝም።

የደለበ አስተያየት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚረግጠው ደግሞ ጠላትን አይደለም፤ ጎረቤትን ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ኤርትራውያንና የኤርትራ ዝርያ ያላቸው ኢትዮጵያውያን በአሥር ሺዎች ተባርረዋል። ኤርትራም ከዚያ በኩል የእኛን ሰዎች በአሥር ሺዎች ሸኝታለች። በቂርቆስ፣ በካዛንቺስ፣ በዚሁ በሰንጋ ተራ ዙሪያ ዕድር አብረው የገቡ፣ ክርስትና የተነሣሡ፣ ቡና የተጠራሩ ሰዎች ነበሩ። የዕድሩ ዳኛ “ይኼ ሰው ምን አደረገ?” ብሎ ለመጠየቅ አልደፈረም። ለምን? ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ነበራ! በሞቀ ዘፈን መሐል ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ባንዳ ይባላል። ቤቱን ዘግቶ የሄደው ሰው ግን የጠየቀለትንም ዝም ያለበትንም አይረሳም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሄዱ፤ ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ መጡ። ከተማው በደስታ ሰከረ። ደስታውን አልነቅፍም፤ ሰላምን ማን ይጠላል? በሐምሌ 2 የወጣው የጋራ መግለጫ አምስት ነጥብ ነበረው። አንዱ ነጥብ የድንበሩ ውሳኔ ተግባራዊ ይሆናል ይላል። መቼ፣ በምን ዓይነት አሠራር፣ መስመሩ መንደራቸውን የሚቆርጥባቸው ሰዎች ምን ይሆናሉ? አይልም። ይኼን ጥያቄ ቀደም ብለው ያነሡት ኢሮቦች ነበሩ። ውሳኔው ለሁለት ሊከፍላቸው ስለሆነ በዚያው ሰሞን ሰልፍ ወጡ። ማን ሰማቸው? መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ ድንበር ተከፈተ፤ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ዓመቱ ሳይጋመስ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ለምን እንደተከፈተ በእልልታ ተነግሮን ነበር። ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም።

ከዚያ የኖቤል ሽልማት መጣ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ጦርነት። የጎረቤት አገር ሠራዊት በአገራችን ምድር ላይ ነው የለም በሚል ወራት አለፉ። የለም ተባልን። መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መግባቱን ተናገሩ። ለአፍታ ቆም ብለን እናስበው። የውጭ ጦር ወደ አገር መግባቱን የአገሪቱ ምክር ቤት ከሆነ ከወራት በኋላ ሲሰማ፣ ያ ምክር ቤት አጨብጫቢ ነው እንጂ ምኑ ተወካይ ነው?

ይኼ ያለፈ ነው ይቅር እንዳንል ደግሞ 2016 ዓ.ም. አለ። ታኅሣሥ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ሙሴ ቢሂ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ለ50 ዓመት በኪራይ እንሰጣለን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ዕውቅና ትሰጠናለች አሉ። የእኛ መንግሥት በበኩሉ ስለ ዕውቅናው “በጥልቀት አጥንተን አቋም እንወስዳለን” የሚል ዓይነት መግለጫ አወጣ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ንባብ። ይኼ ነገር አንድ ነገር አያስታውስም? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነበር። ያ የንባብ ልዩነት ዓድዋ ድረስ ወስዶናል። የውጫሌን ውል ሁለቱንም ጽሑፍ አስተያይተን ማንበብ እንችላለን። የ2016ቱ ሰነድ ሙሉ ቃል ግን ለሕዝብ አልወጣም። ከ130 ዓመት በኋላ ወደፊት መሄዳችን ይኼ ነው?

አሁን ደግሞ ጎረቤቶቻችን በዚያው ሰሞን ያደረጉትን እንይ። ሞቃዲሾ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ፤ እሱስ የትም ይወጣል። ግን ምክር ቤታቸው ሰነዱን ዋጋ ቢስ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ መሐሙድ ሰነዱ በተፈረመ በሳምንቱ ፈረሙበት። የሶማሌላንድ መከላከያ ሚኒስትር ስምምነቱን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሙሴ ቢሂ ራሳቸው በምርጫ ተሸንፈው ወረዱ። አገርነቷን ዓለም ባልተቀበላት ሶማሌላንድ ሚኒስትር “እኔ በዚህ አልስማማም” ብሎ ወንበሩን ይለቃል፤ ሕዝቡም ፕሬዚዳንቱን በካርድ ያሰናብታል። እኛ ዘንድስ? በዚያ ጉዳይ አንድ ሚኒስትር በአደባባይ ሲለይ ሰማችሁ? አንድ የምክር ቤት አባል “ሰነዱን አሳዩኝ፣ ከዚያ እደግፋለሁ” ብሎ ሲሟገት ያየ አለ?

እዚህ ላይ ነው የመደራደር ጉልበት ያልኩት ነገር የሚመጣው። ሐሰን ሼክ ለድርድር ሲቀመጡ “ምክር ቤቴ ሕግ አውጥቷል፣ ሕዝቤ አይቀበለኝም” ማለት ይችሉ ነበር። ተደራዳሪ ከዚህ የተሻለ ጋሻ የለውም። ከኋላው የቆመ፣ አንብቦ የተቃወመ ወይም አንብቦ የደገፈ ሕዝብ ያለው ሰው ማሻሻያ ሲጠየቅ እጁን ዘርግቶ “አልችልም” ይላል። የእኛ ተደራዳሪ ይኼን ቢል ማን ያምነዋል? ማታ ቴሌቪዥናችንን የሚከታተል የጎረቤት አገር ዲፕሎማት የዚህ አገር ሕዝብ ለጦርነቱም ለሰላሙም፣ ለመሐላውም ለመፍረሱም እኩል እንደሚያጨበጭብ ያውቃል። በሁሉም ነገር የሚስማማ ሕዝብ ለመንግሥቱ ጋሻ አይሆንም፤ ጌጥ ነው።

ውጤቱንም አየነው። ሶማሊያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈረመች፤ በዚያው ወር የግብፅ መሣሪያ ሞቃዲሾ ደረሰ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተሰበሰቡ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በቱርክ አደራዳሪነት የአንካራ መግለጫ ወጣ። ኢትዮጵያ የባሕር መዳረሻ የምታገኘው በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር ነው ይላል። ይኼ መግለጫ ጽሑፉ ወዲያው ታትሟል፤ ሁላችንም አንብበነዋል። እንግዲህ ዲፕሎማሲ በምሥጢር ካልተያዘ አይሠራም የሚሉን ሰዎች ይኼን ያስረዱን። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የጨፈርንለት ሰነድ ስለ መሞቱ ግን ማንም አልነገረን። ልደቱን እንጂ ቀብሩን አልተጠራንም።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሰብ ነገር ጎላ ብሎ ተነሣ። ባለሥልጣናትና ጄኔራሎች በአደባባይ ተናገሩ፤ ካፌው ሁሉ ጦር ሜዳ ሆነ። ሰንጋ ተራ ጫማዬን ሲያስውብልኝ የነበረ አንድ ሊስትሮ ቀና ብሎ፣

“ጋሼ፣ አሰብ ስንገባማ ጫማዎን በቀይ ባሕር ውኃ ነው የማጥብልዎት” አለኝ።

“የባሕር ውኃ ቆዳ ያበላሻል። ለመሆኑ የምንገባው በምን አስበህ ነው? በውል ነው በጦርነት?”

“እሱን እነሱ ያውቃሉ።”

“በጦርነት ቢሆን አንተ ትዘምታለህ?”

ብሩሹን አቁሞ ሳቀ። “ኧረ ጋሼ! እኔማ እናቴን የማስተዳድር ነኝ።”

ልጁ ሞኝ አይደለም። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ወዲያው ሒሳብ ሠራ። ስለ አገር ሲሆን ግን “እነሱ ያውቃሉ” አለ። ይኼን ያስተማርነው እኛ ነን። ባጠገቡ ባለው ካፌ ማኪያቶ ይዞ አሰብን በሁለት ሳምንት የሚይዘው የተማረ ሰው ከዚህ ልጅ ይብሳል። ልጁ ቢያንስ እንደማይዘምት ያምናል። ምሁሩ ግን የሌላ ሰው ልጅ እንደሚዘምትለት እርግጠኛ ነው።

ልብ በሉ፣ የባሕር በር ጥያቄ ከንቱ ነው አላልኩም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ወደብ የላትም። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በአንድ በጅቡቲ በር ነው። ይኼ ሥጋት እውነተኛ ነው። ከሰንጋ ተራ ብዙም ሳይርቅ ያለው የለገሃር ጣቢያ ምስክር ነው፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር ከባሕር ያገናኘን በተፈረመ ውል እንጂ በተተኮሰ መድፍ አይደለም። ጥያቄው ትልቅ ስለሆነ ነው እንደ ሰርግ ዘፈን መባከን የሌለበት።

“የመከላከያ ነገር እኮ ምሥጢር ነው” ይሉኛል። የጦሩ አሰላለፍ፣ የመሣሪያው ብዛት፣ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ምሥጢር ነው፤ ይሁን። እኔ እሱን አልጠየቅሁም። ከማን ጋር እንደተዋዋልን፣ በምን ዋጋ፣ ስንት ዓመት፣ ሲፈርስ ማን እንደሚከፍል ግን የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ቤት የሚከራይ ሰው እንኳ ውሉን አንብቦ ይፈርማል።

“ሕዝቡ ስሜታዊ ነው፣ ቢነገረው ያበላሸዋል” የሚሉም አሉ። ሕዝቡ ስሜታዊ የሆነው ከስሜቱ በቀር ሌላ ነገር ተጠይቆ ስለማያውቅ ነው። ያው ሕዝብ በዕቁብና በዕድር ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ሳንቲም በሳንቲም ይመረምራል፣ ገንዘብ ያዡን ያፋጥጣል፣ ቃለ ጉባኤ ያስነብባል። ስለ ድንኳንና ወንበር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ልጁ ነፍስ ግድ የለውም ያለው ማነው?

“ኢሳያስስ ማንን ጠየቀ?” የሚለው ሦስተኛው ነው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው የኤርትራ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ አልዋለም፤ የግል ጋዜጦቹም እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ ጊዜ ተዘግተዋል። ወጣቱ ማለቂያ በሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ታስሮ በየበረሃው ሲሰደድ ኖሯል። ታዲያ የምንወዳደረው ከዚህ ጋር ነው? ከመረብ ማዶ ያለው ሕዝብ ዝም የተባለው በዱላ ነው፤ እኛ ዝም ያልነው ግን እየዘፈንን ነው። የቱ እንደሚያሳፍር ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፤ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅን የማወጅ፣ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የማጽደቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። እንግዲያው ውል ሲፈረም ሙሉ ቃሉ በአገራችን ቋንቋዎች ታትሞ ይውጣ። “የመግባቢያ ሰነድ ነው እንጂ ውል አይደለም” የሚል የስም ለውጥ ከምክር ቤት መሸሸጊያ አይሁን። የውጭ ግንኙነትና የመከላከያ ኃላፊዎች በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው፣ ድንበር ላይ የሚኖረው ሕዝብም ተጠርቶ፣ በአደባባይ ይጠየቁ። የምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ማን እንደሆነ ካወቃችሁ (ማወቁ ራሱ አንድ ሥራ ነው) ይኼን ጠይቁት።

የሚቀረው የእኛ የተማርን ተብዬዎቹ ድርሻ ነው። በ1994 ዓ.ም. የአልጀርሱን ስምምነት ያነበበ፣ ቁጥሮቹን ካርታ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው በዚህ ከተማ አልጠፋም ነበር። ዕውቀቱ ነበር፤ የጠፋው “ቆይ፣ መጀመሪያ እንይ” የሚል አፍ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ታላቅ የምሥራች አለኝ ይላል። ከአሰብ ይሁን ከበርበራ፣ የሰላም ይሁን የጦር፣ አላውቅም። መኪናዎች ጡሩምባቸውን ሲነፉ፣ ጎረቤት በር አንኳኩቶ “አልሰማችሁም እንዴ?” ሲል መልሳችን አንድ ይሁን፦ ሰማን፤ ወረቀቱ የታለ?